አሞሌ ሲረክስ፦ ከዳሞት ገበያ እስከ ደም ቧንቧ ግድግዳ

ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ሁምቦ ጠበላ ገበያ ውስጥ፣ ማንም ብዙ ሳይከራከር የሚገዛው ዕቃ ቢኖር ጨው ነው። ቡና ሲወደድ ይወራል፤ ቅቤ ሲወደድ ይወራል፤ ዘይት ሲጠፋ መንግሥት ይጠየቃል። ጨው ግን ከሸቀጦቹ ሁሉ ርካሹ ነው። ገዢዋ ሌላውን ሁሉ ሸምታ፣ በተረፈው ፍራንክ ትገዛዋለች።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኮስማስ የተባለው ግሪክኛ ጸሐፊ፣ የአክሱም ነጋዴዎች ሳሱ ወደሚባል ሩቅ አገር ወርቅ ፍለጋ ሲወርዱ ሦስት ነገር ይዘው እንደሚሄዱ መዝግቧል፦ ከብት፣ ብረትና ጨው። ከአንድ ሺህ ዓመት በኋላ፣ በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን ከፖርቱጋል መልክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ያንኑ ጨው በመላው ግዛት እንደ ገንዘብ ሲዘዋወር አገኘው። አልቫሬዝ ዋጋው ከቦታ ቦታ እንዴት እንደሚለዋወጥ በጥንቃቄ ጽፏል። ከጨው ማውጫው አጠገብ ከመቶ በላይ አሞሌ የሚያስፈልገው አንድ ምዝን ወርቅ፣ ወደ ቤተ መንግሥቱ ሲቃረብ በጥቂት አሞሌ ይገኛል። ዳሞት ሲደርስ ደግሞ፣ እንደ ጻፈው፣ ሦስት ወይም አራት አሞሌ አንድ ሰው ይገዛል። አንድ ሰው፣ በአራት የጨው ጡብ።

ይህች ቁጥር የምትዘገንነው በባርነቱ ብቻ አይደለም። ጨው በዚያ ዘመን በደቡብ ምን ያህል ብርቅ እንደነበር ከማንኛውም የግብር መዝገብ በላይ ትናገራለች። አሞሌው ከአፋር ዝቅታ፣ ከዳሎልና ከአሳሌ ሐይቅ ዳርቻ ተጠርቦ ይወጣል። በግመል ወደ ትግራይ ደጋ ይወጣና በአህያና በበቅሎ ከገበያ ወደ ገበያ ይሻገራል። ከዚያ ዓባይን ይሻገራል፤ በየኬላው ይቀረጣል፤ ዝናብ ሲመታው ይቀልጣል፤ ሲሰበር ዋጋው ይወርዳል። መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ደቡብ ነው። የአገሪቱ ውድ ጨው የሚበላው ወይም ሳይበላ የሚቀረው እዚያ ነበር።

ዳሞት የሚለው ስም ለወላይታ ሰው እንግዳ አይደለም። ዛሬም ዳሞት ጋሌ፣ ዳሞት ወይዴ፣ ዳሞት ሶሬ፣ ዳሞት ፑላሳ የሚባሉ ወረዳዎች አሉ፤ ሶዶ ከተማ የተቀመጠችው ዳሞታ ተራራ ግርጌ ነው። የወላይታ ትውፊትም ንጉሥ ሞቶሎሚን የዳሞት ገዢ አድርጎ ያስታውሳል። የመካከለኛው ዘመን ዳሞት ድንበር የት እንደነበር የታሪክ ሰዎች ይከራከራሉ፤ ክርክሩ እዚህ አያስፈልግም። የወላይታ ምድር በዚያ የጨው መንገድ ጫፍ ላይ እንደነበር ግን አያጠራጥርም። ወላይታ ማርጩዋ የምትባል የራሷ የብረት ገንዘብ ያስፈለጋትም በከንቱ አይመስልም። ሩቅ ተጉዞ የሚመጣ ገንዘብ ለዕለት ገበያ አይበቃም።

1887 ዓ.ም. ሁለት ነገር አንድ ላይ ያመጣ ዓመት ነው። አፄ ምኒልክ ምስላቸው ያለበትን ብር ያስቀረጹት በዚያ ዓመት ነው፤ የካዎ ጦና ወላይታም በጦርነት የተያዘችው በዚያው ዓመት ነው። አሞሌ ግን በአንድ ቀን ከገበያ አልወጣም። ለመልስና ለዝርዝር እያገለገለ ወደ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገባ፤ ከዚያም ቀስ በቀስ ገንዘብነቱን ጥሎ ጨው ብቻ ሆነ። መንገድና መኪና ሲመጣ ዋጋው ወረደ። ለረጅም ጊዜ የአገሪቱ ጨው በብዛት ከቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ከአሰብ በኩል ይመጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 የኤርትራ ጦርነት ያን በር ሲዘጋው አፍዴራ ተነሣች። ዛሬ ጠበላ ገበያ የሚሸጠው ነጭ ዱቄት በብዛት የአፍዴራ ጨው ነው።

ታሪኩ የገንዘብ ታሪክ ብቻ ቢሆን እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። ጨው ግን ከነጋዴው ሌላ የሚቆጥረው አለ፤ እሱም የሚገኘው በሰው ገላ ውስጥ ነው።

ከሁለቱ ኩላሊቶች አናት ላይ አድሬናል የሚባሉ ትንንሽ ዕጢዎች አሉ። የውጭው ሽፋናቸው አልዶስቴሮን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። የሆርሞኑ ሥራ እንደ ድሮ ኬላ ጠባቂ ነው፤ የሚጠብቀው ግን መግቢያውን ሳይሆን መውጫውን ነው። ጨው ሲያንስና በደም ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሲጎድል ኩላሊት ሬኒን የተባለ መልእክት ይለቃል፤ መልእክቱ በሰንሰለት ተላልፎ አድሬናል ዘንድ ይደርሳል፤ አልዶስቴሮን ይወጣል። እሱም ኩላሊቱን «ሶዲየሙን በሽንት አትልቀቅ፣ መልሰህ አስገባ፣ በምትኩ ፖታሲየም አውጣ» ይለዋል። ላብ አመንጪ ዕጢዎችም፣ አንጀትም፣ ምራቅም ይህንኑ ትእዛዝ ይሰማሉ። ሶዲየሙ ሲመለስ ውኃ ይከተለዋል፤ የደም መጠን ይሞላል፤ ግፊቱ ይጠበቃል። ጨው ጠግቦ ሲመጣ ደግሞ ሬኒን ይተኛል፤ አልዶስቴሮንም ይቀንሳል። ጤነኛ ገላ ውስጥ ይህ ሒሳብ በየሰዓቱ ይሠራል።

ሆርሞኑ የተገኘው በቅርቡ ነው። በለንደን ሚድልሴክስ ሆስፒታል ሲልቪያ ሲምፕሰንና ጄምስ ቴት የተባሉ ተመራማሪዎች (በኋላ ተጋብተዋል) ከከብት አድሬናል በተወሰደ ጭማቂ ውስጥ፣ እስከዚያ ከታወቁት ሁሉ የተለየ ጨው የመያዝ ኃይል ያለው ነገር አዩ። ከባዝል ከተማ ከታዴዎስ ራይሽስታይን ቡድን ጋር ተባብረው እ.ኤ.አ. በ1953 ለይተው አወጡት። ብዙ መቶ ኪሎ የከብት ዕጢ ተጨምቆ የተገኘው በሚሊግራም የሚቆጠር ነበር። አድሬናሎቹ እነዚያ ከብቶች በሕይወት ሳሉ የላሱትን ጨው ሲጠብቁ የኖሩ ናቸው። ከብቱን ጨው የሚያስልስ የወላይታ አርብቶ አደር ግኝቱን ቢሰማ አይደነቅም ነበር፤ ከብት ጨው ሲያጣ ምን እንደሚሆን ከማንም በፊት ያውቃል።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ ጄሮም ኮን የተባለ የሚሺጋን ሐኪም ነገሩን ወደ ሰው አመጣው። ኮን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወታደሮች ሞቃትና እርጥብ አየር እንዴት እንደሚለማመዱ ያጠና ነበር። የቆላውን ሙቀት የለመደ ሰው ላቡ ጨው እያነሰው እንደሚሄድ አይቷል። በአባያ ዳርቻ ቆላ የሚያርስ የሁምቦ ገበሬ ላብም ይህንኑ ሕግ ይከተላል፤ ከደጋ እንደወረደ እንግዳ ላብ አይጨመትም። ኮን ቆይቶ አንዲት የ34 ዓመት ሴት አገኘ። ጡንቻዋ ይዝላል፣ ይኮማተራል፤ ደም ግፊቷ ከፍ ያለ ነው፤ በደሟ ያለው ፖታሲየም በጣም ወርዷል፤ ላቧ ደግሞ ጨው የለውም ማለት ይቻላል፤ ሆኖም ቆላ ውላ አታውቅም። ገላዋ ጨው እንደተራበ ሰው ይጠብቃል፣ ግን አልተራበም። በቀዶ ጥገና ሲታይ አድሬናሏ ላይ ትንሽ ዕባጭ ተገኘ። ሲወጣ ግፊቷ ወረደ። እ.ኤ.አ. በ1955 የተጻፈው ይህ ሕመም ዛሬም በኮን ስም ይጠራል።

ለብዙ ዓመታት ሐኪሞች ታሪኩን በዚህ ቋጩት፦ አልዶስቴሮን ኩላሊትን ያዝዛል፣ ጨው ይጠራቀማል፣ ግፊት ይነሣል፣ ግፊት ደም ቧንቧን ይጎዳል። ቧንቧው ዝም ብሎ የሚመታ ግድግዳ ተደርጎ ታሰበ።

ግድግዳው ግን ሕያው ነው። እያንዳንዱ የደም ቧንቧ ከውስጥ በኩል በአንድ ረድፍ ስስ ሕዋሳት ተለብጧል፤ ኢንዶቴሊየም ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1980 ሮበርት ፈርችጎት ይህ ልባስ ከተፋቀ ቧንቧው «ተፍታታ» ሲባል እንደማይሰማ አሳየ። ልባሱ ቧንቧውን የሚያፍታታ ነገር ራሱ ያመነጫል ማለት ነው። ነገሩ ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ሆኖ ተገኘ፤ ፈርችጎትም እ.ኤ.አ. በ1998 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ኖቤል ተሸለመበት። አንድ ጋቢ የመሰለ ስስ ሽፋን ግፊቱን፣ የደም መርጋቱን፣ ነጭ የደም ሴሎች የት ላይ መጣበቅ እንዳለባቸው ሁሉ ይቆጣጠራል።

ያ ልባስም የአልዶስቴሮንን ትእዛዝ የሚቀበል ጆሮ አለው። ሆርሞኑ ለኩላሊት ብቻ አይናገርም።

በጀርመን ሙንስተር ከተማ የሃንስ ኦበርላይትነር ቡድን ይህን በአንድ ሕዋስ ላይ ፈተነው። እጅግ ቀጭን መርፌ ባለው ማይክሮስኮፕ ሕዋሱን እየዳሰሱ ልስላሴውን ለኩ፤ የበሰለ ቦዬ በጣት እንደሚጫን ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ሥራ፣ ሕዋሱ ያለበት ፈሳሽ ሶዲየሙ ጤነኛ ደም ውስጥ ካለው ትንሽ ብቻ ከፍ ሲል ሕዋሱ ደነደነ፤ የሚያመነጨው ናይትሪክ ኦክሳይድም ቀነሰ። ይህ የሆነው ግን አልዶስቴሮን ባለበት ነው። ሆርሞኑ ሲነሣ፣ ወይም ስፓይሮኖላክቶን በተባለ መድኃኒት ጆሮው ሲደፈን፣ ያው ሶዲየም ሕዋሱን አላደነደነውም። በ2009 ደግሞ ያው ቡድን ፖታሲየም የልባሱን ሕዋስ እንደሚያለሰልስ ጻፈ።

ይህ በብልቃጥ ውስጥ የታየ ነገር ነው፤ ብልቃጥ ሰው አይደለም። በእንስሳት ላይ ግን ተመሳሳይ ነገር ቀደም ብሎ ታይቷል። አልዶስቴሮን ከብዙ ጨው ጋር የተሰጣቸው አይጦች ልባቸው በጠባሳ ሲሞላ፣ ያንኑ አልዶስቴሮን ከትንሽ ጨው ጋር ያገኙት አልተጠበሱም። ሆርሞኑ ብቻውን ጠላት አይደለም። የሚጎዳው ሁለቱ ሲገናኙ ነው፦ ጨው በዝቶ ሳለ ጠባቂው አሁንም «ጠብቅ» ሲል።

በሰው ላይ የዚህ ማስረጃ የመጣው ከአማዞን ጫካ ነው። ያኖማሚ የተባሉት ሕዝቦች ምግባቸው ላይ ጨው አይጨምሩም። እ.ኤ.አ. በ1975 የታተመ ጥናት አልዶስቴሮናቸው በጣም ከፍተኛ መሆኑን አሳየ። ጨው የሌለው ገላ በሙሉ ኃይሉ እየጠበቀ ነው። ደም ግፊታቸው ግን ዝቅተኛ ነው፤ ዕድሜ ሲጨምርም አይወጣም። በ1988 በ52 ቦታዎች የተካሄደው ኢንተርሶልት የተባለው ዓለም አቀፍ ጥናትም የያኖማሚን ዝቅተኛ ግፊት አረጋግጧል። በፓሪስ በ2005 የታተመው ጥናት ደግሞ ተቃራኒውን አሳየ። የኮን ሕመም ያለባቸው ሰዎች፣ በተመሳሳይ ልክ ደም ግፊታቸው ከፍ ካለ ሌሎች ሕሙማን ጋር ሲነጻጸሩ፣ በአንጎል ደም መፍሰስና መርጋት የተመቱት አራት እጥፍ ገደማ ነበሩ። ግፊቱ እኩል ነው፤ ጉዳቱ እኩል አይደለም። ልዩነቱን የፈጠረው ሆርሞኑ ከጨው ጋር ግድግዳው ላይ የሚሠራው ሥራ ነው።

ወደ ወላይታ ሲመለሱ የድሮው ማዕድ ሌላ ትርጉም ያገኛል። እንሰት፣ ቦዬ፣ ጎደሬ፣ ጎመን፤ በኋላ ደግሞ ከአሜሪካ ምድር የመጡት ስኳር ድንች፣ ቦሎቄና በቆሎ። ሥራሥሩና ጎመኑ ፖታሲየም የሞላበት፣ ሶዲየሙ ያነሰ ምግብ ነው። ጨው በአሞሌ እየተሰበረ በሚቆጠርበት ቤት እንዲህ ዓይነት ማዕድ የሚበላ ሰው አልዶስቴሮኑ ከፍ ቢል፣ የሚጎዳው ሳይሆን የሚያኖረው ነበር። ጠባቂው ሥራ ነበረው። ዛሬ ቦዬው እያነሰ፣ ዳቦና ፓስታ እየገባ፣ ጨው በኪሎ ይገዛል። በሌላ አነጋገር የሚያለሰልሰው እየቀነሰ፣ የሚያደነድነው እየጨመረ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። «ስለዚህ የደቡብ ሰው ጨው ባጣበት ዘመን ጨው የሚይዝ ደም ወርሷል» ማለት ያጓጓል። ተመሳሳይ ሐሳብ በአሜሪካ ተሞክሯል። ቶማስ ዊልሰንና ክላረንስ ግሪም የጥቁር አሜሪካውያን ደም ግፊት የሚበዛው በባሪያ መርከብ ላይ ጨው መያዝ የቻሉት ስለተረፉ ነው ብለው ነበር። ፊሊፕ ከርቲን የተባለው የባሪያ ንግድ ታሪክ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1992 መዝገቡን ገልጦ ታሪኩ እንደማይደግፈው አሳየ። ምዕራብ አፍሪካ ጨው አልጠፋባትም፤ መርከቡ ላይ የሞቱትም በጨው እጥረት አለመሆኑን ማስረጃው ያሳያል። የወላይታንም ጉዳይ በዘር ማሰሪያ መተብተብ አያስፈልግም። የጨው ጠባቂው ሆርሞን የሰው ልጅ ሁሉ ነው፤ ከአሞሌም ከንግሥናም የቀደመ። የተለወጠው ገበያው ነው፤ የተለወጠውም በሁለት በሦስት ትውልድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 በኢትዮጵያ የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት፣ አንድ አዋቂ ሰው በቀን በአማካይ 8 ግራም ገደማ ጨው እንደሚወስድ ገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። በዚያው ጥናት ከመቶ 16 ገደማ የሚሆኑት ደም ግፊታቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ሆኖም «ግፊት» ዛሬም በብዙ ሰው አፍ የአዲስ አበባ በሽታ፣ የሀብታም በሽታ፣ የሚናደድ ሰው በሽታ ነው። በገጠር ሰው አንድ ጎኑ ሲዝል ግን «ድንገት ወደቀ» ይባላል። ድንገት ግን አይደለም፤ ግድግዳው ለዓመታት ሲደነድን ቆይቷል።

ለጉዳዩ መድኃኒት የለውም እንዳይባል፣ አለው። ስፓይሮኖላክቶን ከተሠራ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ርካሽ ነው፤ በኢትዮጵያም ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ፣ 1,663 የከፋ የልብ ድካም ያለባቸው ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት መድኃኒቱ ሞትን በ30 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። በዚህ አገር ግን በሽተኛው ኪኒኑን የሚያገኘው በአብዛኛው እግሩ ካበጠ፣ ትንፋሹ ካጠረ በኋላ ነው። በሌላ በኩል መድኃኒቱ ለማንም ከመደርደሪያ ወርዶ የሚሰጥ አይደለም። ፖታሲየምን በደም ውስጥ ስለሚያቆይ፣ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ ልብን ሊያቆም ይችላል። የደም ምርመራ ይፈልጋል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ነው። ሬኒንና አልዶስቴሮን መለካት ይቅርና፣ ፖታሲየም የሚለካ ላቦራቶሪ በየጤና ጣቢያው አይታሰብም። እ.ኤ.አ. በ2025 ኢንዶክራይን ሶሳይቲ የተባለው የሐኪሞች ማኅበር ደም ግፊት ያለበት ሰው ሁሉ የአልዶስቴሮን ምርመራ እንዲያገኝ መክሯል። ምክሩ ለዋሽንግተን የተጻፈ ይመስላል፤ ለጠበላ ግን የመጀመሪያው ደረጃ ከዚያ በጣም ዝቅ ይላል፦ የሚሠራ የግፊት መለኪያ፣ በየቀበሌው፣ በየወሩ።

የአዮዲን ነገርም ሳይነሣ አይታለፍም። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2011 ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲገባበት ደንግጓል። እንቅርትን ለመከላከል ተገቢ ውሳኔ ነው። ነገር ግን «አዮዲን ያለው ጨው ብሉ» የሚለው መልእክት «ጨው ብሉ» ተብሎ ከተሰማ ነገሩ ተበላሸ። ሁለቱ አይጋጩም፤ ያነሰ ጨው ውስጥ የሚገባውን አዮዲን በመጠኑ ማስተካከል ይቻላል። ይህን ለሕዝብ በግልጽ የሚናገር ድምፅ ግን ደብዝዟል።

ሌላው የሚረሳ ነገር ጨው የሚገባበት ቦታ ነው። ባለሙያ «ጨው ቀንሱ» ሲል እናቶች የሚያስቡት ወጥ ነው። በወላይታ ግን ጨው ወጥ ውስጥ ብቻ አይገባም። ዳታው ውስጥ አለ፤ ኩርኩፋው ውስጥ አለ። ከሁሉም በላይ ሃይታ ቱኬ ውስጥ አለ፦ ፍሬው ለገበያ ሲሄድ ቅጠሉ ለቤት ይቀራል፤ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በሚጥሚጣና በጨው ይፈላል፤ ጎረቤት ተጠርቶ ጠዋትም ማታም ይጠጣል። አሞሌ ውድ በነበረ ጊዜ ለእንግዳ የሚጠጣው ላይ ጨው መጨመር ክብር ነበር፤ ክብሩ ዛሬም አለ፣ ውዱነቱ ብቻ ነው የጠፋው። አንድ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቤት ገብታ «በቀን ስንት ማንኪያ ጨው ትጠቀማላችሁ?» ብትል፣ የቤቱ እመቤት ወጥ ያወጣችበትን ትቆጥርላታለች። ሲኒው ላይ ያለውን አትቆጥርም፤ መጠጥ ነዋ።